ስሜን የዘለልኩበት ዝርዝር

ወላይታ ሶዶ
አርብ፣ ኅዳር 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሩት፣

ሳሮ ሳሮ፣ የእኔ እናት። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። "በጣም" ያልኩት ቃል ለማሳመር አይደለም፤ ደብዳቤውን ስትጨርሺ ይገባሻል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው የምውለው። በስልክ ሰው ይቸኩላል፣ ካርዱ ያልቃል፣ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ዋናው ነገር ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ደግሞም ባለሱቁ አብዱልከሪም የፉርኖ ዱቄት ሊጭን ሰኞ አዳማ ይሄዳል። "እትዬ ትርፌ፣ ለሩት የሚላክ ካለ አዘጋጂ፤ ብቻ እንደ ባለፈው የቅቤውን ክዳን አላልተሽ መኪናዬን ቅቤ እንዳትቀቢብኝ" አለኝ። ስለዚህ ቅቤውም ደብዳቤውም አብረው ይደርሱሻል። ክዳኑን በላስቲክ ሦስት ዙር አስሬዋለሁ።

የላክሽልኝን አራት ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ገጽ ተኩሉ አንድ ነገር ነው፦ "እማ፣ ያንን የአምቡላንስ ስልክ ልቀቂ፣ ቤቱን አከራዪና እኔ ጋ ነይ።" ነሐሴና መስከረም ስትደውዪ ድምፄ ጠፍቶብሽ ነበር። "እማ፣ አንቺ 'እሺ' ብለሽ ብቻ ስልክ የምትዘጊ ሰው ነሽ እንዴ?" ብለሽ ጽፈሻል። ልክ ነሽ። አባትሽ በሕይወት ሳለ "ትርፌ ትንፋሽ የምትወስደው ሌላው ሰው ሲያስነጥስ ነው" ይለኝ አልነበር? እንደዚያ ያለ ሰው ዝም ሲል ቢያስፈራሽ አልፈርድብሽም። ሥራውን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ፣ መልሴን እዚሁ ላይ እጽፍልሻለሁ። ግን መጀመሪያ ምን ሆኜ እንደነበር ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽምና።

ከዳጉዋው ልጀምር። አንቺ ዳጉዋን በአያትሽ ቤት ታውቂዋለሽ፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ዛሬ ያንቺን ማሳ፣ ነገ የእሱን፣ ከነገ ወዲያ የእኔን፣ በተራ እየዞረ ሲቆፍር። የእኛ የአምቡላንስ ጣቢያው ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ዓይነት ዳጉዋ አለን። ዓምና ነው የጀመርነው።

ዓምና በመጋቢት በአረካ መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ተገልብጦ ነበር። ሰዎቹን ያወጧቸው የእኛዎቹ ናቸው፤ ሾፌሩ ሶርሳና ነርሱ ኤልሳዕ። ስንት ሰው እንዳወጡ አልጽፍልሽም፤ አንቺ ራስሽ ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሠሪው፣ ታውቂዋለሽ። ከዚያ በኋላ ሶርሳ ቤቱ መግባት ጠላ። የእረፍት ቀኑን እንኳ ጣቢያው ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና፣ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ይውላል። ሚስቱ ምሳውን እየያዘች ትመጣለች፣ ምሳው እንደታሰረ ይመለሳል። ኤልሳዕ ደግሞ የዝውውር ፎርም ሞልቶ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ "የትም ይሁን፣ ክኒን የሚታደልበት መስኮት ይስጡኝ" ይላል።

እውነቱን ለመናገር አለቆቻችን ዝም አላሉም። ሥልጠና ተዘጋጀልን፤ ሁለት ቀን፣ በአዳራሽ፣ የላስቲክ ወንበር በክብ ተደርድሮ። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ነው፣ የተማረ ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው።

"አሁን በዚህ ሰዓት ምን ይሰማችኋል?" አለን።

ሁላችንም ወንበራችንን አመቻቸን።

"እስቲ አቶ ሶርሳ፣ ከእርስዎ እንጀምር።"

"የኋላ ግራ ጎማው አልቋል" አለ ሶርሳ።

"ስለ ራስዎ ነው የጠየቅሁት።"

"ስለ ራሴማ መለዋወጫ አልመጣልኝም። ከዚያ ውጭ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ሁላችንም በየተራ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልን። አሠልጣኙ ሁሉንም በትልቁ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ደህና ስንሆን ዋልን። ሲያልቅ ሶርሳ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ይሄን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ያየው ዘበኛችን ጋሽ ባዳቾ ነው። ከአረካ በላይ ገጠር ተወልዶ ያደገ፣ ፊደል ብዙም የማይወድ፣ ሰው ግን የሚያነብ ሽማግሌ ነው። ወደ መኪናው ሄዶ መስኮቱን አንኳኳ።

"ቅዳሜ ጠዋት ጎደሬህ ማሳ ላይ ነን" አለው።

"ጎደሬዬ ምን ሆነ?"

"አረም በልቶታል።"

"አይተኸዋል?"

"አላየሁም። ሁለት ወር መኪና ውስጥ የሚውል ሰው ማሳ አረም እንደሚበላው ለማወቅ ማየት አያስፈልግም።" ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ እንዲህ አለ፦ "ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊት እያዩ ሲጠይቁት ፖሊስ ጣቢያ የገባ ይመስለዋል። እጁ ሥራ ሲይዝ ነው አፉ የሚፈታው።"

ቅዳሜ ስድስት ሆነን ሄድን። ፊት ለፊት አልነበርንም፤ ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ ሁሉም ወደ መሬት እያየ ነው የሚቆፍረው። ማንም አይጠይቅም። ባለማሳው ከፈለገ ያወራል፣ ካልፈለገም ጎደሬው ይታረምለታል፤ እሱም ትርፍ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሶርሳ ቀና ሳይል በወላይትኛ መናገር ጀመረ። በአማርኛ ጎማ ጎማ ሲል የነበረ ሰውዬ፣ በእናቱ ቋንቋ እንዲያ ይናገራል ብለሽ አታምኚም። ምን እንዳለ አልጽፍም፤ ማሳ ላይ የተነገረ ማሳ ላይ ይቀራል፣ ይሄ የባዳቾ ሕግ ነው።

ሌላም ሕግ አለው። አንድ ሰው ሲናገር "አይዞህ፣ ሁሉ ለበጎ ነው" ብሎ ያቋረጠ ሰው አንድ ረድፍ ብቻውን ይቆፍራል። እንግዲህ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን፤ ጥቅስ ከአፋችን ይቀድማል፤ ሰው ገና "አመመኝ" ሳይል መጽናኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ማን ብዙ የተቀጣ ይመስልሻል? እናትሽ። ጎበዝ ቆፋሪ ያደረገኝ ጥቅሴ ነው። አንድ ቀን ባዳቾ "ትርፌ ባትኖር የሶርሳን ማሳ በትራክተር ነበር የምናርሰው" ብሎ አሳቀብኝ።

እንዲህ እያልን ክረምት ገባ። ክፉ ነገር የገጠመው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሳው ይቆፈራል፤ ጥሪ የለም፣ እምቢታም የለም። ከተማ የሚኖርና ማሳ የሌለው ቢሆን እንጨት ይፈለጥለታል፣ አጥሩ ይጠገናል። የተራውን ዝርዝር የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ። ሾፌሮቹን ጻፍኩ፣ ነርሶቹን ጻፍኩ፣ ባዳቾን ሳይቀር ጻፍኩ። ራሴን አልጻፍኩም። ለምን እጽፋለሁ? እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልክ የማነሳ ሰው ነኝ፣ ደም አላይ፣ ሬሳ አልሸከም። ማንም ደግሞ "የትርፌ ስም የታል?" አላለም። ለሚቆፍሩት ምሳ እሠራ ነበር፤ ፖሶሴውን ከነጎመኑ፣ ዳጣውን ከነቃሪያው። ድርሻዬ እሱ መሰለኝ።

አሁን ወደ ነሐሴው ልመጣ ነው። ሻይሽን ቅጂና አንብቢ።

ነሐሴ አሥራ ሰባት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዶፍ እየዘነበ ነበር። ከቦምቤ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ ሰው ደወለ። ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፣ ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ደም ይፈሳታል። የወረዳዋ መኪና ሌላ እናት ይዛ ወጥታ ነበርና የእኛን ላክን። ሶርሳና ኤልሳዕ ወጡ። እኔ ለባልየው ሁልጊዜ ለሁሉም የምለውን አልኩት፦ "በቃሬዛ አውጧትና መኪና መንገዱ ድረስ ይዛችሁ ውረዱ፣ እዚያ ይደርሱላችኋል።" ጊዜ ለማትረፍ ሁላችንም የምንለው ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለ። "መንገዱ ላይ ደርሰናል፤ የታሉ?"

"ደርሰዋል፣ አይዞህ" አልኩት።

ደግሞ ደወለ። "ዝናቡ እሷ ላይ ነው፤ የታሉ?"

"ደርሰዋል።"

አራት ጊዜ። በአራተኛው "እህቴ፣ ደርሰዋል ስትዪኝ አራተኛሽ ነው" አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እነ ሶርሳ ግን አልደረሱም ነበር። መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ወዲህ ማዶ ቆመው ነበር። ውሃው ጎድሎ ሲሻገሩ እናትየዋ አርፋለች። ሕፃኑን አብረዋት የወረዱት ሴቶች እዚያው ዝናብ ውስጥ አዋልደው በነጠላ ጠቅልለውታል፤ እሱ ተረፈ።

በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች ዳጉዋው የሶርሳን ማሳ፣ ከዚያም የኤልሳዕን እናት ጓሮ ቆፈረ። እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። ጎመን ከተፍኩ፣ ሳህን አጠብኩ፣ "ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ" አልኩ። ውጭ ምን እንደተባለ አልሰማሁም፤ ልስማም አልፈለግሁ። በዓሉም መጣ፣ ጊፋታ፤ ሰው ሁሉ ሲበላና ሲጨፍር እኔም በላሁ። አንቺ ስትደውዪ "እሺ" አልኩሽ።

ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ስልኩ ሲጮህ አየዋለሁ፣ አይነሳልኝም። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ሲጮህ አነሳሁት። ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ አምስት። ማንም አላስተዋለም ብዬ ነበር። ጥቅምት መግቢያ ላይ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ጮኸ፤ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ። በዘጠነኛው ጩኸት ሶርሳ ከውጭ ሮጦ ገብቶ ራሱ አነሳው፣ አነጋገረ፣ መኪና ላከ። ስልኩን ዘግቶ አየኝ። ግድግዳው ላይ ወደ ለጠፍኩት ዝርዝር ሄዶ ከላይ እስከ ታች በጣቱ አነበበ፣ እንደገና አነበበ።

"እትዬ ትርፌ፣ አንቺ የታለሽ?" አለኝ።

"የት?"

"እዚህ ውስጥ።"

"እኔ ምን አደርጋለሁ እዚያ" አልኩና ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሩትዬ፣ ያን ዕለት ሥራውን ልለቅ ወስኜ ነበር። ያንቺ ደብዳቤ ገና ሳይደርሰኝ ማለቴ ነው። ማመልከቻውንም ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስልክ የማታነሳ የስልክ ሠራተኛ ሰው ትገድላለች፤ ይሄን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ሰኞ ላስገባው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ሁሉም ዶማ ይዘው ቆመዋል፤ ባዳቾ ከፊት።

"ምነው በደህና?" አልኩ።

"ጓሮሽን አረም በልቶታል" አለ ባዳቾ።

"ለእኔ ጓሮ ምን ያደርግልኛል። ግቡ፣ ቁርስ ልሥራላችሁ" ብዬ ወደ ኩሽና ስዞር ባዳቾ ዶማውን በኩሽናው በር ላይ አግድም አደረገው።

"ዛሬ ባለማሳ ነሽ" አለኝ። "ባለማሳ ኩሽና አይገባም።"

"ታዲያ ማን ያበላችኋል?"

ኤልሳዕ አፍሮ አንድ ትልቅ ድስት ከጀርባው አወጣ። ፖሶሴ ነው፤ ራሱ ሠርቶት። ሩት፣ የተቃጠለ ፖሶሴ በልተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አሁን በልቼ አውቃለሁ። ሰው ከመኪና ፍርስራሽ የሚያወጣ ነርስ ድስት ማማሰል አቃተው እያልኩ እስከ ዛሬ እቀልድበታለሁ።

አባትሽ የተከለው እንሰት ያለበት ጓሮ ገባን። አረሙ በእውነት ጉልበት ደርሶ ነበር፤ ባዳቾ ልክ ነበር። ተሰለፍን። እኔ መሐል ነኝ። ታውቂኛለሽ፣ ወዲያው ማውራት ጀመርኩ። ስለ ጎረቤታችን ፍየል አወራሁ፣ ስለ መዘምራኑ አዲስ ልብስ አወራሁ፣ ስለ በርበሬው አወራሁ። ማንም አላቋረጠኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ረድፍ ጨረስን፣ ሁለት ጨረስን። ወሬው አለቀብኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አለቀብኝ። የሚሰማው የዶማው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ከዚያ፣ በወላይትኛ፣ "ደርሰዋል አልኩት" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ትንሽ ቆፈርኩ። "አራት ጊዜ ደርሰዋል አልኩት። ከቤቷ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ከሞቀ ቤት አውጥቼ ዝናብ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።" ዓይኔ መሬቱን ማየት አቆመ፣ ግን እጄ መቆፈሩን አላቆመም። የሰውዬውን ድምፅ ነገርኳቸው፣ "እህቴ" እንዳለኝ። ሁሉንም። በመጨረሻ ትንፋሼ ሲመለስ፣ እንደ ልማዴ፣ "መቼም ሁሉ ለበ..." ብዬ ጀመርኩ።

ባዳቾ ቀና ሳይል "አንድ ረድፍ" አለ።

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሁሉም ሳቁ። የራሴን ኀዘን ራሴ አቋርጬ የተቀጣሁ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ፤ ረድፉንም ቆፈርኩት።

"የአንቺ ጥፋት አይደለም" ያለኝ የለም። ይሄንን ልብ በዪልኝ። እንደዚያ ቢሉኝ አላምናቸውም ነበር። ኤልሳዕና ሶርሳ ያሉትን የምጽፍልሽ ደግሞ ሁለቱንም አስፈቅጄ ነው። ኤልሳዕ ከግራዬ ሆኖ፣ ዶማውን ሳያቆም፣ "ውሃው ገና ጉልበት ሳለ ሶርሳ በእግር እንሻገር ሲለኝ 'ትንሽ እንይ' ያልኩት እኔ ነኝ። ስናይ ስናይ ወገብ ደረሰ" አለ። ይሄን በእናቱ ጓሮ ሲናገር እኔ ሳህን ሳጥብ ነበር።

ሶርሳ አንድ የአረም ሥር ነቅሎ ወደ አጥሩ ወረወረ። ከዚያ "ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረች" አለ። "ኔትወርክም ነበር። ደውዬ 'ቆመናል' ልልሽ እችል ነበር። አምቡላንስ ቆመ ማለት አሳፈረኝ። አንቺ ደርሰዋል ያልሽው እኔ ስላልደወልኩልሽ ነው።" ይሄን በራሱ ማሳ ላይ እንኳ እንዳልተናገረው ራሱ ነገረኝ። ለእኔ ነበር ያስቀመጠው።

ሁላችንም የየድርሻችንን ይዘን፣ ጎን ለጎን፣ እስከ እኩለ ቀን ቆፈርን። ጓሮው ያማረ ጓሮ ሆነ፤ መጥተሽ ብታዪው አታውቂውም።

ይኼው ነው፤ ዝም ያልኩት በዚህ ነው። አሁን ደስ የሚለውን ልጻፍልሽ፣ የተቀመጥኩት ለእሱ ነውና።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። በሁለተኛው ጩኸት አነሳሁት። እጄ ታዘዘልኝ። የደወለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰውዬው የአብዱልከሪምን ሱቅ ፈልጎ ነው፤ "ስኳር ገብቷል ወይ?" አለኝ። "ወንድሜ፣ ይሄ አምቡላንስ ነው፤ ስኳር ከሆነ የበዛብህ እንልክልሃለን" አልኩት። ባዳቾ በሩ ላይ ሆኖ ሰማኝና "ትርፌ ተመለሰች" ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ አወራ።

በዚያው ሳምንት ተሰብስበን አዲስ አሠራር አወጣን። ይሄ ከላይ የመጣ አይደለም፣ የራሳችን ነው። ሾፌር በወንዝም በጭቃም በጎማም ቢቆም ወዲያው ይደውላል፤ "ቆመናል" ማለት ነውር አይደለም። እኔ ደግሞ ቃሬዛ አውጡ ከማለቴ በፊት "በመካከላችን ወንዝ አለ? ሞልቷል?" ብዬ እጠይቃለሁ። መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፤ ላዩ ላይ "ወንዝ" ብዬ ጻፍኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያልደረሱትን ደርሰዋል አልልም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ያ ያልጠበቅነው ዝናብ የዘነበ ሰሞን፣ ከዱቦ በላይ ካለ መንደር አንዲት አማት ስለ ምራቷ ደወለች። ሶርሳ ከመንገድ ደውሎ "ቆመናል፣ ጭቃው ይዞናል" አለኝ። አፌ በልማዱ ያንን ቃል ሊያወጣ ነበር፤ ዋጥኩት። "እማማ፣ መኪናው ጭቃ ላይ ቆሟል። መቼ እንደሚወጣ አላውቅም። እኔ ግን ስልኩን አልዘጋም" አልኳት። ሴትዮዋ ከሰዎቿ ጋር ተማከረችና፣ "እንግዲያውስ በላይኛው መንገድ ወደ ጤና ጣቢያው እንወስዳታለን፤ በዚያ ጭቃ የለም" አለች። እስኪደርሱ ድረስ አርባ ደቂቃ አብሬአት ቆየሁ፤ ምራቷ እያቃሰተች፣ እኔም እያወራሁ። ለካስ ወሬኛነቴ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ሴት ልጅ ተወለደች። እናትየዋም ደህና ናት።

ወሬው አረካ ደረሰ። የእነሱ ሾፌሮችና ነርሶች ሁለት ቅዳሜ እዚህ መጥተው አብረውን ቆፍረው ሄዱ፤ አሁን የራሳቸውን ሊጀምሩ ነው። "አንድ ሰው ይምጣና ያስጀምረን" ብለው በደብዳቤ ጠየቁ፣ ማኅተም ባለው ደብዳቤ፣ ልጄ። ባዳቾ ይሄዳል ብለን ስንጠብቅ "እኔ ዘበኛ ነኝ፣ በሩን ትቼ አልሄድም። ትርፌ ትሂድ፤ ብዙ ረድፍ የቆፈረች እሷ ናት" አለ። ሁሉም እጅ አወጡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ቤት የገባሁት ሴትዮ፣ አረካ ሄጄ ነርስና ሾፌር ላስጀምር ነው። የመጀመሪያው ነገር ምን እንደምላቸው ታውቂያለሽ? ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ስሙን ከላይ ይጻፍ። የእኛን እንደገና ገልብጬ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፤ አንደኛ ተራ ላይ ትርፌ ይላል። በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር እያየሁት ደስ ይለኛል። ኤልሳዕም የዝውውር ፎርሙን ቀደደው፤ ለድስት ማጠቢያ እንኳ አይሆንም ብለን ሳቅንበት።

እንግዲህ መልሴን ጠየቅሽኝ። አልለቅም። ማመልከቻዬን እኔም ቀድጄዋለሁ። ስልኩን የማነሳው ስለማልፈራ አይደለም፤ ስፈራ ጓሮዬን የሚያዩ ሰዎች ስላሉኝ ነው። ይሄ እንዳያስከፋሽ። ብቸኛ እናት ትተሽ የሄድሽ እንዳይመስልሽ፤ ብቸኛ አይደለሁም።

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንደ እናት ሳይሆን እንደ ስልክ ሠራተኛ። ከአራቱ ገጽ ሦስት ተኩሉ ስለ እኔ ነው አልኩሽ። ስለ ራስሽ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። "የእኔ ሥራ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ይሄንን "ደህና" አውቀዋለሁ፣ ሩት። ሁለት ቀን ሙሉ በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ደግሞ እኔ ራሴ ስልሽ ነበር። ነሐሴ ላይ በእናንተ መንገድ ስለተጋጨው አውቶቡስ ሬዲዮ ሰምቼ ስደውልልሽ "ተረኛ አልነበርኩም" አልሽኝ። አብራሽ የምትሠራው ጓደኛሽ ግን በዚያው ሳምንት በስልክ ሳገኛት "ሩት ሠላሳ ሰዓት አልተቀመጠችም" አለችኝ። እሷን እንዳትቆጪ። እኔም ያኔ አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም።

የዓመት ፈቃዴን ሞልቼ አሥር ቀን ተፈቅዶልኛል። አረካዎች ይጠብቃሉ፤ ነግሬአቸዋለሁ፣ "መጀመሪያ አዳማ አንድ ተራ አለብኝ" ብዬ። ሐሙስ ኅዳር 12 በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። የተከራየሽው ቤት ጓሮ እንደሌለው አውቃለሁ፣ ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ነው ብለሽኛል። ችግር የለም፤ ቧንቧ አለው። እስከዚያ ልብስሽን እንዳታጥቢ፤ ጋዋንሽንም፣ አንሶላሽንም፣ መጋረጃውንም ተይው። የታጠበም ካለ እንደገና እናጥበዋለን። ሁለት ሳፋ ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። እኔ ስለ ጎረቤታችን ፍየል አወራለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ማሸት ነው።

የአባቶችሽ አምላክ በመግባትሽም በመውጣትሽም ይጠብቅሽ። እጅሽን ይባርክ፤ ሰው የሚያነሱ እጆች ናቸውና እንቅልፍና እረፍት ይስጣቸው። ጦሳይ አንጆ፤ እሱ ይባርክሽ፣ ልጄ። ሶርሳና ኤልሳዕ ሰላም ብለውሻል፤ ባዳቾ ደግሞ ሰላምታውን "ሰው ዓይን ዓይኗን እያየ እንዳያስጨንቃት" በሚል ምክር ነው የላከው።

ቁልፉን ለአከራይሽ ተይልኝ። ከሥራ ስትወጪ ቤት ውስጥ ሰው አለ።

የምትወድሽ፣ ዘንድሮ በራሷ የኮራች እናትሽ፣
ትርፌ